ሃምሳ ስድስት ቋጠሮ

ቢሮዬ የገባ እንግዳ ሁሉ ግድግዳዬ ላይ ለዓመታት ተሰቅላ የኖረችውን ልጥ ሳያይ አይወጣም ነበር። ከዲግሪዎቼ ዝቅ ብላ በአንዲት ምስማር ላይ ተንጠልጥላ ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቋጠረች ቀጭን የዛፍ ልጣጭ ናት። «ፕሮፌሰር፣ ይቺ ከደቡብ ኦሞ የመጣች ጌጥ መሆን አለባት» ይሉኛል። «አዎ፣ ከዚያው ናት» እልና ወንበር አሳያቸዋለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ሸውጄ አለፍኩ። ሰሞኑን አውርጃታለሁ፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ሥራዬ የውሻና የድመት አጥንት መጠገን ነው። ይህን ስናገር የማይስቅ ሰው ጥቂት ነው። አክስቴ እስከ ዛሬ ለጎረቤቶቿ የምታስተዋውቀኝ «የውሻ ወጌሻው» እያለች ነው። ይሁንና በዚሁ ሙያ ተምሬ፣ አስተምሬ፣ ጽፌ፣ ፕሮፌሰር እስከ መባል ደርሻለሁ። የዚህ ሁሉ መነሻ አስር ውሾች ናቸው። ስለ ዘጠኙ በኩራት ላወራችሁ እችላለሁ። የዛሬው ወሬዬ ግን የአስረኛው ነው።

በዚያን ጊዜ የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ገና ሣር ነበር፤ እኔም እዚያው ከተማ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወጣት ሐኪም ነበርኩ። ጂንካ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥቶ እዚያው ቤት ሠርቶ የቀረ ሰው ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የምሠራው በዚያው ክሊኒክ ነበር። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የጭኑ አጥንት የተሰበረ ውሻ አጥንቱ መሐል፣ መቅኔው ባለበት በኩል፣ ፒን የሚባል የብረት ዘንግ ይገባለታል። ከስምንት ሳምንት በኋላ አጥንቱ ሲገጥም ፒኑ ይወጣል። አስር ውሾችን ከመጀመሪያው ቀን እስከ ፒኑ መውጫ ተከታትዬ ማቅረብ ነበረብኝ። ዘጠኙን ጨርሻለሁ። አስረኛው ጠፋ። መኪና ብርቅ በሆነባት ከተማ የተገጨ ውሻ ከየት ይምጣ? ቀልዴን አይደለም፣ በመንገድ የማየውን ጤነኛ ውሻ ሁሉ በክፉ ዓይን ማየት ጀምሬ ነበር።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም የበና ሰው ውሻ ተሸክሞ ግቢያችን ገባ። ውሻውን በፍየል ቆዳ ጠቅልሎ በትከሻው ላይ አጋድሞታል፤ በሌላ እጁ የእንጨት በርጩማውን ይዟል። ስሙ ኦይታ ነው። ከቀይ አፈር ከተማ ወዲያ ካለ መንደር ተነስቶ አንድ ቀን ተኩል በእግሩ ተጉዟል። የቢሮ ሰዎች በመስኮት ብቅ ብለው ሳቁ። ውሻ በሰው ትከሻ ተጭኖ ለሕክምና ሲመጣ አይተው አያውቁም።

«ከብት ረገጠ» አለኝ ኦይታ፣ በገበያ በለመዳት አማርኛ። «ሰው ግደል አለ። እኔ አልገድልም። ፍየል እሱ ነው የሚጠብቅ።»

እግሩን ራሱ በቅርፊት አስሮታል፤ አስተሳሰሩ እኔን የሚያሳፍር ነበር። ግን የጭን አጥንት በማሰር ብቻ አይያዝም። ዳሰስኩት። ለሁለት ተሰብሯል፤ አሰባበሩም ንጹሕ ነው፣ መጽሐፍ ላይ እንዳለው። ደስታዬን ለመደበቅ ወደ መድኃኒት ቁም ሣጥኑ ዞርኩ።

እህት አስቴር ተከትላኝ መጣች። አስቴር የክሊኒካችን የእንስሳት ጤና ረዳት ናት፤ የኣሪ ተወላጅ፣ በዕድሜ ከእኔ አስራ አምስት ዓመት የምትበልጥ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች እንደሚጠሯት ከተማው ሁሉ «እህት አስቴር» የሚላት ሴት። የበናን ቋንቋ ስለምታውቅ አስተርጓሚዬም እሷ ነበረች።

«ዶክተር፣ ሰውየው ሩቅ ነው» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እግሩን ብንቆርጠውስ? ውሻ በሦስት እግሩ ይሮጣል። ተመልሶ መምጣትም አያስፈልገው።»

«የሚድን እግር እንዴት ይቆረጣል?» አልኳት።

የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም። ያልተናገርኩት ግን ነበረ፤ እግሩ የተቆረጠ ውሻ ጥናቴ ውስጥ አይቆጠርም።

በማግስቱ ሐሙስ ፒኑን አስገባሁ። ማደንዘዣውን ከመውጋቴ በፊት ኦይታ ጎንበስ ብሎ የውሻውን ጆሮ በከንፈሩ እየነካ ስሙን ጠራው። ለእኔም ነገረኝ። ቅጹ ላይ የስም ቦታ ስላልነበረ አልጻፍኩትም። «ቁጥር 10» ብዬ ጻፍኩ።

ሥራው አምሮ አለቀ። ውሻው እስኪነቃ ድረስ ሦስታችን ደጅ ተቀመጥን፤ ብረቱ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚወጣ ኦይታ ጠየቀኝ።

«ሃምሳ ስድስት።»

ኦይታ ከጥቅሉ ውስጥ ሁለት ረጃጅም ልጦች አወጣና መቋጠር ጀመረ። አንድ ይቋጥርና ጥፍሩን ይጫንበታል፤ ከዚያ ሌላ። እኔ ነገሩ አልገባኝም።

«ለከብት ዝላይ በዓል ሰው ሲጠሩ እንዲህ ነው የሚያደርጉት» አለችኝ አስቴር። «ለእንግዳው የተቋጠረ ልጥ ይሰጡታል። በየቀኑ አንድ ይፈታል። ቋጠሮው ሲያልቅ ቀኑ ደረሰ ማለት ነው።»

ሃምሳ ስድስቱን በሁለቱም ልጦች ላይ ቋጥሮ ሲጨርስ አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። ሲያልቅ እዚሁ ተሸክሞት እንደሚመጣ ነገረኝ። ይሄኔ ቸርነት ቢጤ መጣብኝ። «ለምን ትደክማለህ? እኔ በሞተር ቀይ አፈር እመጣለሁ። ቀኑም ሐሙስ፣ የገበያ ቀን ነው። ገበያው ዳር ካለው ግራር ሥር ጠብቀኝ» አልኩት። አንድ ነገርም ጨመርኩ። ከዘጠኙ ውሾች የአንዱን ፒን፣ እኔ በሌለሁበት፣ ሌላ ሰው ያለቀኑ በፒንሳ ስቦ አውጥቶት ሥራዬን ሊያበላሽብኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ስለዚህ ጣቴን ቀስሬ «ከእኔ እጅ በቀር ማንም እንዳይነካው» አልኩት። «ማንም።»

«አንተ እጅ ብቻ» አለ ኦይታ።

«የእኔ እጅ ብቻ።»

ቅዳሜ ጠዋት ውሻውን በትከሻው አድርጎ ሄደ። ልጧን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ጨመርኳት። ሳምንት ያህል በየጠዋቱ አንድ ልፈታ አስቤ እረሳ ነበር፤ በኋላ ማሰቡንም ተውኩት። ግድግዳዬ ላይ የቀን መቁጠሪያ አለ፣ ልጥ ምን ያደርግልኛል?

ቀጠሯችን አንድ ሳምንት ሲቀረው ከስልክ ቤት ጥሪ መጣልኝ። አማካሪዬ ነበሩ። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ የቀዶ ሕክምና መምህር ይፈልጋል፤ ቃለ መጠይቁ በሚመጣው ዓርብ ነው። ውጤቴን በእጄ ይዤ ካልቀረብኩ ቦታው ለሌላ ይሄዳል።

«አስሩም አልቀዋል?» አሉኝ።

«አልቀዋል» አልኩ።

«የአስሩም ፒን ወጥቷል?»

መስመሩ ይንጫጫል፤ ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ቆመዋል። «ወጥቷል» አልኩ። ያን ቀን ወደ ክሊኒኩ ተመልሼ የሰንጠረዡን አስረኛ ረድፍ ሞላሁት፦ ፒኑ በሃምሳ ስድስተኛው ቀን ወጣ፤ አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ገጠመ፤ እግሩ ጤነኛ ነው። ከሐሙስ በፊት ስለ ሐሙስ ጻፍኩ። በጥቂት ቀናት የቀደመ እውነት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ዓርብ ለመድረስ ሐሙስ ጠዋት በአውሮፕላን መሄድ ነበረብኝ። ኦይታን ቀድሜ እንዳላገኘው መንደሩን አላውቀውም። ለአስቴር ፒኑ የሚወጣበትን መሣሪያ፣ ማደንዘዣውን፣ ጓንቱን፣ ካሜራዬንም ሰጠኋት። አወጣጡን አብራኝ ሠርታ ስለምታውቅ አልሰጋሁም።

«እሱ የሚጠብቀው አንተን ነው» አለችኝ።

«ዶክተሩ ልኮኛል በይው።»

ከብቶቹን ከሣሩ ሜዳ አባረሩና አውሮፕላኑ አረፈ። ተሳፈርኩ። ልጧ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነበረች። ለአስቴር ሁሉን ነገር ሰጥቼ እሷን እንዳልሰጠኋት ያን ጊዜ ልብ አላልኩም።

ቃለ መጠይቁ ተሳካ። በሙከራ መምህርነት እዚያው እንድቆይ፣ የመጨረሻው ውሳኔም ጥናቴን በጉባኤ ፊት ካቀረብኩ በኋላ እንደሚሰጥ ተነገረኝ። በሦስተኛው ሳምንት የአስቴር ደብዳቤ ደረሰኝ። እስከ ዛሬ ቃሏ ከልቤ አልወጣም። «ኦይታ በቀኑ መጥቶ ነበር። የዶክተሩ እጅ ብቻ ብሎ አላስነካኝም። በሚቀጥለው ሐሙስም መጣ። ፒኑ ቆዳውን መግፋት ጀምሯል፤ ትንሽ መግልም አለው። ለምኜው እምቢ ካለ በኋላ አንድ ነገር አለኝ፤ ዶክተሩ የራሱን ልጥ ከላከልሽ እጅሽ የእሱ እጅ ነው፣ አስነካሻለሁ አለ። እባክህ ልጧን በፖስታ ላክልኝ።»

ልጧን ከካፖርቴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋት። ፖስታ ገዛሁ፤ አድራሻም ጻፍኩበት። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። አስቴር ጥንቁቅ ሰው ናት፤ ፒኑን ባወጣች ቀን በክሊኒኩ መዝገብ ላይ ቀኑን ትጽፋለች። ከእኔ ሰንጠረዥ ጋር አይገጥምም። ጉባኤው መዝገቡን ላስመጣ ቢልስ? ጥናቴን ላቅርብ፣ በማግስቱ እልካለሁ አልኩ። ፖስታው ከመሳቢያዬ ገባ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ይህን ሁሉ አስረዝሜ የምነግራችሁ እዚች ቦታ ላይ እንድትቆሙልኝ ነው። ክፉ ሰው አልነበርኩም። አንዲት ገመድ ፖስታ ውስጥ መክተት ያቃተኝ ሰው ነበርኩ።

ጥናቴ በምስጋና አለፈ፤ ቦታውም ጸደቀልኝ። ልጧን ይዤ ጂንካ ስደርስ ቀጠሯችን ካለፈ አስረኛው ሳምንት ነበር። አስቴር ክሊኒኩ በር ላይ አገኘችኝ። «እንኳን ደስ ያለህ ዶክተር» አለችኝ። ስለ ውሻው ጠየቅኳት። እሷም ለአራት ሳምንት በክትባት ሥራ ቆላ ወርዳ ስለነበር አታውቅም። «ነገ ሐሙስ ነው» አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት በሞተር ወጣን፤ እሷ ከኋላዬ ሣጥኑን አቅፋ። ምድሩ ደርቆ ጎማው አቧራ ያነሳል። የምንሻገራቸው ወንዞች አሸዋ ብቻ ነበሩ። በየመታጠፊያው በልቤ ስሌት እሠራለሁ፦ መግሉ አጥንት ካልገባ ፒኑን አወጣለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፤ ቢበዛ እግሩ ይቆረጣል፤ ውሻ በሦስት እግሩ ይሮጣል። አስቴር ያን ቀን ያለችኝን ለራሴ መልሼ እየነገርኩት እንደነበር የገባኝ ቀይ አፈር ልንገባ ስንል ነው።

ገበያው ሞልቷል። ሞተሩን አቁሜ ወደ ግራሩ ሄድኩ። ኦይታ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ፍየሎች ከሚሸጡት ሰዎች ራቅ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ጂንካ መንገድ አዙሮ። የፍየሉ ቆዳ ተጠቅልሎ እግሩ ሥር አለ። ውሻው የለም።

ተነስቶ ጨበጠኝ። «መጣህ» አለ።

«መጣሁ። ኦይታ፣ ወንዝ ሞልቶ፣ መንገድ ተዘግቶብኝ ነው።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዝናብ ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የእግራችን አቧራ እንኳ ገና አልረገፈም። አስቴር ፊቷን ወደ ገበያው አዞረች። ኦይታ ቁጭ ብሎ ቆዳውን ፈታው።

ውስጡ አንድ ነጭ የጭን አጥንትና ፒኔ ነበሩ።

«ሞተ» አለ። «ሦስት ገበያ ሆነ። ቆዳ አበጠ፣ ትኩሳት ያዘው፣ ውሃ እምቢ አለ። ማንም አልነካም። አስቴር እጅ አልነካም፣ እኔ እጅ አልነካም። ሥጋውን ጉንዳን ጨረሰ። ብረቱ ራሱ ወጣ።» ፒኑን አንስቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ያንተ ነው።»

ሞተ ካለበት ቀን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ልጧን በደብዳቤው ሳምንት ልኬያት ቢሆን ኖሮ ትደርስለት ነበር።

አጥንቱን አነሳሁት። ጣቶቼ የለመዱትን ሠሩ፤ አገላበጡት፣ ስብራቱ የነበረበትን ቦታ ፈለጉ። ገጥሟል። እንዲያ አምሮ የገጠመ አጥንት ከዘጠኙ በአንዱም አላየሁም። ለአንድ አፍታም ደስ አለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰውየው የሞተ ውሻውን አጥንት ይዞ ፊቴ ተቀምጦ ሳለ እኔ ሰንጠረዤ ትክክል በመሆኑ ደስ አለኝ።

ኦይታ ፊቴን እያየ ነበር። «ጥሩ ነው?» አለኝ።

«አጥንቱ ጥሩ ነው።»

«አጥንት ጥሩ ነው» ብሎ ደገመና ተቀብሎኝ ቆዳው ላይ መለሰው። ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ልጥህ።»

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። አንድም ቋጠሮ አልተፈታም ነበር፤ ያን ያህል እንኳ አላሰብኩበትም። በአውራ ጣቱ እያስኬደ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆጠራቸው። ቀስ ብሎ ቆጠረ። አስቴር አጠገቤ ቆማ ትንፋሿ ይሰማኛል። ይቆጣል፣ ይተፋብኛል፣ ቢያንስ ውሸታም ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢለኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ይሆናል።

ጨርሶ ቀና አለና ለአስቴር በቋንቋው ተናገረ። አስቴር ወዲያው አልተረጎመችልኝም። እሱ ራሱ በአማርኛ አለኝ፦

«ሙሉ ነው። አንተ አልዘገየህም። ያንተ ቀን ገና ነው።»

ልጧን መዳፌ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን አጠፈልኝ። «ፍታ። ሲያልቅ ና።» በርጩማውንና ቆዳውን ይዞ በገበያው መሐል ሄደ። እያሾፈብኝ ይሁን ከልቡ ይሁን ያን ጊዜም አላወቅሁም፤ አስቴርንም ጠየቅኳት፣ «እሱን ጠይቀው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከግድግዳዬ ላይ ታነቡታላችሁ። ጥናቱ በጆርናል ታተመ፣ እሱን ተከትሎ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አስረኛው ረድፍ እንዳለ ነው፤ ሌሎች ተመራማሪዎችም ጠቅሰውታል። ሠርቼ ያዳንኳቸው ውሾች ብዙ ናቸው፤ እሱን አልክድም። ተማሪዎቼን «ከእኔ እጅ በቀር» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ እላቸዋለሁ፤ ለባለቤቱም፣ ለረዳታችሁም እጃችሁን አውርሱ፣ ባትደርሱ የሚደርስ ይኑር። ይጽፉታል። ለምን እንደምል ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ባለፈው ዓመት ለጆርናሉ እርማት ጽፌ ነበር። ጆርናሉ ከተዘጋ ቆይቷል አሉኝ። የበደልኩትን ሰው ትቼ ለወረቀት ይቅርታ መጠየቄም ራሱ የቆየ ጠባዬ ነው።

ከሃምሳ አራት ቀን በፊት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ልጧን ከግድግዳው አወረድኳት። የመጀመሪያው ቋጠሮ ደርቆ እምቢ አለኝ፤ በመርፌ ነው የፈታሁት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልዘለልኩም። እህት አስቴር ጡረታ ወጥታ ጂንካ አለች፤ ደውዬላት ኦይታ በሕይወት መኖሩን እንድታጣራልኝ ለመንኳት። «አላጣራልህም» አለችኝ፣ እንደ ድሮዋ። «ሐሙስ ሐሙስ ገበያው አለ። ራስህ ሂድና ግራሩ ሥር ተቀመጥ።»

ይህን የምጽፈው ጂንካ፣ እናቴ ቤት ሆኜ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ አንድ ቋጠሮ ቀርቶኛል። ነገ ኦይታን ካገኘሁት ወንዙ እንዳልሞላ እነግረዋለሁ፤ መቼም ያውቀዋል። ከዚያ የውሻውን ስም እጠይቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ነግሮኝ ነበር፣ አልጻፍኩትም።